ከወላጆቼ ቤት በላይ የኦፓል ቁፋሮ አፈር ተከምሯል፤ ክረምት ሳይገባ ምን እናድርግ?

የአምባ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። የደላንታ ልጅ ነኝ፣ አሁን የምኖረው ደሴ ነው። እናትና አባቴ ግን ገደሉ ሥር ካለው መንደራችን አልተነሱም። የምታውቁ ሰዎች እባካችሁ አትለፉኝ።

ወገል ጤና አካባቢ ኦፓል የሚባለው የከበረ ድንጋይ የተገኘው በ2000 ዓ.ም. ገደማ ነው። ኦፓሉ ያለው ገደሉ ወገብ ላይ፣ በአንድ ስስ ንብርብር ውስጥ ነው። ወጣቱ ያንን ንብርብር ተከትሎ እየቆፈረ ወደ ውስጥ ይገባል። የሚወጣው አፈርና ድንጋይ ከዋሻው አፍ ቁልቁል ይለቀቃል። ማን ተሸክሞ ያርቀዋል? ከእኛ በላይ ያሉት ዋሻዎች ኦፓሉ ሲሳሳ ተተዉ። አፈሩ እዚያው ቀረ።

ለፋሲካ ሄጄ ከአባቴ ጋር ወጥተን አየነው። ከቁልሉ ጀርባ፣ ከገደሉ ጋር በሚገናኝበት በኩል፣ እጄን የሚያስገባ ስንጥቅ አለ። እንደ ማጭድ ጎበጥ ብሎ ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል። ከቁልሉ ሥር ድሮ ምንጭ ነበር፤ ልጆች ሳለን ውሃ የምንቀዳው ከዚያ ነው። ምንጩ ተቀብሯል፣ ውሃው ግን አልጠፋም። ታች ወርዶ ረግረግ ሠርቷል። እናቴ እዚያ ጎመን ተክላለች።

ቀበሌ ስንሄድ ወረዳ ሂዱ ተባልን። ወረዳ ስንሄድ ደግሞ ፈቃድ የነበረው ማኅበር ያንሳው ተባለ። ማኅበሩ ከፈረሰ ቆይቷል። አባላቱ ገሚሱ አዲስ አበባ፣ ገሚሱ ዓረብ አገር ናቸው።

እና ይሄ ነገር እውነት ያስፈራል ወይ? ማሽን ሳይመጣ በሰው ጉልበት ምን ይሠራል? አንዳንዱ ዛፍ ትከሉበት ይላል፤ አንዳንዱ ከሥሩ እየዛቃችሁ ቀንሱት ይላል። የተተዉትንስ ዋሻዎች አፋቸውን በድንጋይ እንድፈናቸው?

ዓለት አንባቢ

እህቴ፣ ያስፈራል። ጂኦሎጂስት ነኝ፤ ብዙ የሠራሁትም ተዳፋት ላይ ነው። ቦታውን ያየ ባለሙያ የሚለውን እኔ ከዚህ ሆኜ ልተካ አልችልም። ግን የጻፍሽው ብዙ ይናገራል።

ከስንጥቁ በላይ የከበደኝ ምንጩ ነው። አበርፋን የሚባል የዌልስ መንደር አለ። ከመንደሩ በላይ ተራራው ላይ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ትራፊ ለዓመታት ሲቆለል ነበር። ሰባተኛው ቁልል የተቆለለው ምንጭ ላይ ነው። ነዋሪው አስቀድሞ አቤት ብሏል፣ ደብዳቤም ተጽፏል። ሰሚ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 21 ቀን 1966 ጠዋት ቁልሉ እንዳለ ቀልጦ ወረደ። ትምህርት ቤት ላይ ነው ያረፈው። 144 ሰው ሞተ፤ 116ቱ ሕፃናት ናቸው። እንግሊዞች የማዕድን ቁልልን የሚቆጣጠር ሕግ ያወጡት ከዚያ በኋላ፣ በ1969 ነው።

ለምን እንደሚቀልጥ ልንገርሽ። ከዋሻ የተደፋ አፈር የተጠቀጠቀ አይደለም። እርስ በርሱ ተደጋግፎ ነው የቆመው። ውሃ ከሥሩ ሲገባና መውጫ ሲያጣ በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ይገፋል፤ መደጋገፋቸውን ያላላል። ደረቅ ሆኖ አሥር ክረምት የቆመ ቁልል በአንድ ሌሊት ሊሄድ የሚችለው ለዚህ ነው።

ከሥሩ ዝቁ ያላችሁን ሰው በፍጹም አትስሙት። የቁልሉ እግር ነው ላይኛውን የያዘው። እግሩን የቆረጠ ሰው ቁልሉን ራሱ ላይ ይጠራል። መቀነስ ካለበት ከላይ ነው፤ እሱም ባለሙያ ባለበት።

ጉልበታችሁን ውሃው ላይ አውሉ። አምባው ላይ፣ ከአፋፉ ራቅ ብላችሁ፣ ጎርፉን ወደ ጎን የሚወስድ ቦይ ቁፈሩ። መውረጃው ድሮም ውሃ የሚወርድበት ሸለቆ ይሁን፤ የሌላ ሰው ማሳ ላይ እንዳይለቀቅ። የቦዩ ተዳፋት ለስለስ ይበል፤ ውሃ የሚተኛበት ቦይ ግን ከነጭራሹ ባይኖር ይሻላል፤ ወደ ታች ያሰርጋል። ስንጥቁን በቀይ አፈር ሙሉት፤ ትንሽ ትንሽ እየጨመራችሁ በደንብ ጠቅጥቁት። ወልካ (ጥቁሩን ጭቃ አፈር) አትጠቀሙ፤ ፀሐይ ሲመታው ይሰነጠቃል። ሥራው በፀሐይ ቀን፣ ሁለት ሦስት ሰው ሆናችሁ ነው። አንዱ ቆሞ ይጠብቅ።

አንድ ነገር ደግሞ ለአባትሽ። ከመሙላታችሁ በፊት ከስንጥቁ ወዲህና ወዲያ ሁለት ካስማ ይትከሉ። አናታቸው ላይ ምስማር ይምቱ። ከምስማር ምስማር ያለውን ርቀት በሜትር ለክተው ከነቀኑ ይጻፉት። በየጠዋቱ፣ ዝናብ በጣለ ማግስት ደግሞ በተለይ ይለኩት። ቁጥሩ ሲጨምር ቁልሉ እየሄደ ነው ማለት ነው። ዛሬ ከትናንት የበለጠ ከሄደ፣ ነገ ከዛሬ የበለጠ ከሄደ፣ ከቤት መውጣት ነው። ያ ደብተር ወረዳ ይዛችሁ ስትቀርቡም ከአቤቱታ በላይ ይሠራል።

ዛፍ ክፉ አይደለም፣ ግን የዘንድሮን ክረምት አያሻግራችሁም። ቬቲቨር ሣርም ቢሆን ብርድ ላይ ቶሎ አያድግም። ሥር የላይኛውን አፈር ይይዛል፤ ከጥልቅ የሚንሸራተተውን አያቆምም።

የድሮ ቆፋሪ

የአምባ ልጅ፣ ስለ ዋሻው እኔ ልመልስልሽ። እዚያው ደላንታ ቆፍሬያለሁ።

አፉን እንዳትደፍኑት። ዋሻዎቹ ውስጥ ውስጡን ይገናኛሉ። አንዱ ማኅበር ከዚህ ሲገባ ሌላው ከዚያ ይገባል፤ መሐል ላይ ድምፃችን ይሰማ ነበር። ክረምት ላይ ጣሪያው ያንጠባጥባል፣ ወለሉ ውሃ ይይዛል። አፉን በድንጋይና በጭቃ ግጥም አድርጋችሁ ከዘጋችሁት ውሃው ውስጥ ይጠራቀማል። አንድ ቀን ድፍኑን ገፍቶ ቁልሉ ላይ ይለቀቃል። ሰውና ከብት እንዳይገባ በደረቅ ድንጋይ ካቡት፤ ከሥሩ የውሃ ቱቦ ይቅበርበት። ካቡን ስትሠሩ ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ እንዳትገቡ። እኛ ምሰሶ እንዲሆን የተውነውን ዓለት በኋላ የመጣው ሰው ኦፓል አለበት ብሎ እየቦረቦረ ወስዶታል። ጣሪያውን የሚይዝ ነገር የለም። በ2016 እዚያው ደላንታ ወጣቶች ላይ የተናደውን ዋሻ ሁላችሁም ሰምታችኋል።

ሌላው፣ የትኛው ዋሻ ወዴት እንደሚሄድ በወረቀት የለም። ያለው ቆፋሪው ጭንቅላት ውስጥ ነው። ዓረብ አገር ያሉትን የማኅበሩን ልጆች በቴሌግራም ፈልጊያቸው። ምን ያህል ርቀት፣ ወዴት እንደገቡ፣ የት እንዳቆሙ በድምፅ ይላኩልሽ። አባትሽ ከላይ ሆነው በካስማ ምልክት ያድርጉበት። ያ ለሚመጣው ባለሙያ ትልቅ ሥራ ያቀልለታል። ደግሞ ይነግሩሻል፤ የእነሱም እናቶች እዚያው ናቸው።

ከሳውላ

እኔ ስለ አፈሩ አላውቅም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 እኛ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የሆነውን አገር ያውቀዋል። ከ200 በላይ ሰው ነው ያጣነው። ብዙዎቹ የመጀመሪያው ናዳ ያገኛቸው አይደሉም። ጎረቤት ለማውጣት የሮጡ ናቸው። እየቆፈሩ ሳለ ሁለተኛው መጣ። የኛ ሰው ጎረቤቱ አፈር ውስጥ እያለ ቆሞ አያይም። አትሂድ ብትይውም አይሰማሽም። ስለዚህ ንግግሩ አሁን፣ ሰማዩ ሳይጠቁር፣ በእድር ይደረግ።

ተቃራኒው ዳገት ላይ ሆኖ ቁልሉን ብቻ የሚያይ ሰው ይመደብ። ጥሩንባ ይያዝ። ጥሩንባው ሲነፋ አካፋ ተጥሎ ይወጣል፤ ክርክር የለም። የሚገቡት ጥቂቶች ይሁኑ፣ ከጎን በኩል ይግቡ፣ ሌላው ራቅ ብሎ ይጠብቅ። ዝናቡ ቀን ሙሉ ከዘነበ ሽማግሌና ሕፃን ማታ እዚያ አይደር። የት እንደሚያድሩ፣ ማን ቤት ስንት ሰው እንደሚገባ ከአሁኑ ይታወቅ። ሽሽቱም ቁልቁል ወደ ወንዙ አይሁን፤ ናዳው የሚሄደው እዚያው ነው። ወደ ጎን ነው።

የአምባ ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እያነበብኩ ለአባቴ በስልክ ነገርኳቸው። ካስማውን ነገ እተክላለሁ ብለዋል። የእድሩ ዳኛም ቅዳሜ ሰው እሰበስባለሁ አሉ። ቦዩን ለሴፍቲኔት ሥራ ካስመዘገብነው የጉልበት ችግር አይኖርም።

ሁለት ነገር ቀረኝ። እናቴ ጎመኗን መተው አልፈለገችም፤ ረግረጉ ምን ያህል አደገኛ ነው? ደብዳቤውንስ ለማን እንጻፍ?

ዓለት አንባቢ

ረግረጉን አትድፈኑት። ውሃው መውጣቱ ጥሩ ነው፤ ውስጥ ቢቀር ነበር የባሰው። በጠጠር የተሞላ ጠባብ ቦይ ከረግረጉ ወደ ታች አውጡለት፤ ወደ ቁልሉ እግር ግን አትቆፍሩ። እናትሽ የሚወጣውን ውሃ በየቀኑ ይዩት። በክረምት ማንም ቁልሉ ሥር ጎንበስ ብሎ መሥራት የለበትም፤ ጎመኑ እስከዚያ ይነቀል። ጠርቶ የሚወርደው ውሃ በድንገት ከደፈረሰ አፈር እየተሸረሸረ ነው። ዝናብ እየዘነበ ውሃው በድንገት ቀጥ ካለ ደግሞ መውጫው ተዘግቷል ማለት ነው። ሁለቱም ካስማ የሚለካበት ሰዓት አይደለም፤ ሰው ይዞ መውጣት ነው።

ደብዳቤውን በተመለከተ፣ በማዕድን አዋጅ ቁጥር 678/2002 መሠረት የባህላዊ ማዕድን ፈቃድ የሚሰጠው ክልሉ ነው። ስለዚህ ለክልሉ ማዕድን ቢሮ ጻፉ፤ ግልባጭ ለዞኑና ለወረዳው አስተዳደር። ለአደጋ መከላከል ጽሕፈት ቤቱም ለብቻው አስገቡ፤ እሱ የማኅበሩን መኖር አይጠይቅም፣ የሚያገባው ሰው መኖሩ ነው። ከቁልሉ በታች ያሉትን ቤቶች በስም ዘርዝሩ፣ የስንጥቁን ፎቶ ከጎኑ ሜትር አስቀምጣችሁ አንሱ፣ የአባትሽን ደብተር ቅጂ አያይዙ። መዝገብ ቤት ቁጥር ሳይሰጣችሁ አትውጡ። ግንቦት ሳያልቅ ይግባ።

ፎቶዎቹን እዚህም ለጥፊያቸው፤ ቦዩ በየት ቢያልፍ እንደሚሻል አብረን እንየው።