ጥቆማ፦ ደሴ ላይ ለቡችላ የሚጋጥ ደህና ነገር የት ይገኛል?

የሸዋ በሩ
ሰላም የሀገሬ ልጆች፣ እንዴት ናችሁ? አንድ ቡችላ አለኝ፣ ገና አምስት ወር አልሞላውም። እናቱ የሰፈር ውሻ ናት፣ አባቱን ጀርመን ሼፐርድ ነው ይሉኛል፣ እሱን እንኳን ተዉት። ችግሬ ጥርሱ ነው። ሸበጥ በላ፣ የሶፋ እግር በላ፣ አሁን ደግሞ የእናቴን ረከቦት ጠርዙን አኝኮ ቤት ውስጥ ጦርነት ሊያስነሳብኝ ነው። የሚጋጥ ነገር ልገዛለት ፒያሳ አካባቢ ዞርኩ። አንዱ ሱቅ በአጥንት ቅርጽ የተቋጠረ ነጭ ቆዳ ይሸጣል። ሌላው ጋ የታሸገ የውሻ ብስኩት አለ፣ ጽሑፉ ግን የማላውቀው ቋንቋ ነው። ሉካንዳ ደግሞ አጥንት በነጻ ይሰጠኛል። ከሦስቱ የቱ ይሻላል? ውሻውንም ኪሴንም የማይጎዳ ጠቁሙኝ።

ሆጤ ሰፈር
አጥንት ስጠው አቦ፣ ምን ያጨናንቅሃል። ኩታበር የአያቴ ውሻ አጥንት እየጋጠ ጅብ ሲያባርር ነው ያረጀው። ብስኩት የለመደ ውሻ ሌባ ሲመጣ ሻይ ነው የሚጠይቀው።

ቧንቧ ውሃ
እኔ ከሰኞ ገበያ ወረድ ብሎ ካለው ሉካንዳዬ ሌላ አላውቅም። ገና ሲያየኝ ሳልጠይቀው ቅልጥሙን በመጋዝ ቆራርጦ ይጠቀልልልኛል። እሮብና አርብ ሲዘጋ፣ በዐቢይ ጾምም 55ቱን ቀን፣ ጎረቤቱ ያለው የእስላም ሥጋ ቤት ያስቀምጥልኛል፤ ሁለቱ ተነጋግረው ነው መሰለኝ። እንዲህ ያለ ሰው የት ይገኛል? እነሱ ጋ ሂድ፣ ሌላ አትፈልግ።

የሸዋ በሩ
ቅልጥሙን ጥሬውን ነው የምትሰጠው ወይስ ቀቅለህ?

ቧንቧ ውሃ
እንደ ቀኑ። ሥጋ ቤቱ ግን አንደኛ ነው።

እመ ጃኪ
ወንድሜ ያንን ነጭ ቆዳ እንዳትገዛ!!! እኔን አይተህ ተማር። ከአንድ ሱቅ ነው የገዛሁት፣ ስሙን አልጠራም። ሻጩ ከውጭ የመጣ ነው፣ ጥርስም ያጸዳል አለኝ። ጃኪ መጀመሪያ ጫፉን ሲልሰው ደስ ብሎኝ ነበር። እየቆየ ለሰለሰ፣ ቋጠሮው ተፈታ፣ ጀበናውን ላወርድ ዞር ስል የቀረውን እንዳለ ዋጠው። ማታ ማስመለስ ጀመረ። ጠዋት ውሃ እንኳን አልቆይለት አለ፣ ጀርባውን አጉብጦ ቆመ፣ ሆዱን ስነካው አቃሰተ። በኮንትራት ባጃጅ ይዤው ወጣሁ። አንድ ቦታ ራጅ የለንም አሉኝ፣ ሌላ ቦታ ሐኪሙ መስክ ወጥቷል ተባልኩ፣ ኮምቦልቻ ድረስ ወረድኩ። በመጨረሻ አንጀቱ ተከፍቶ ነው የወጣለት። ስገዛው የጣቴን ያህል የነበረው ቆዳ አብጦ እጄን ያህላል። ጃኪ ተርፏል አልሐምዱሊላህ። ሱቁ ሄጄ ብነግረው «ውሻሽ ማኘክ አያውቅማ» አለኝ። ከብሩ ይልቅ እሷ ናት ያቃጠለችኝ።

ወጣት ከአራዳ
የቱ ሱቅ ነው? ጠቁሚን እንጂ እህቴ፣ ጥቆማ አይደል?

ሳላይሽ ሳላይሽ
እኔ አውቄዋለሁ። መግቢያው ላይ ደረጃ ያለው ነው አይደል? እሱ ዱቄትም ጊዜው ያለፈበት ነው የሚሸጠው።

እመ ጃኪ
ደረጃ የለውም። ሌላ ነው።

ሳላይሽ ሳላይሽ
ደረጃ ያለውም ያው ነው።

ወጣት ከአራዳ
ዱቄት ካነሳችሁ አይቀር፣ የዘይቱን ዋጋ ሰምታችኋል? ትናንት አንዱ ጋ የጠየቅኩት ዛሬ ጨምሮ ጠበቀኝ።

የጦሳ ንፋስ
ጎበዝ፣ ሰውየው ስለ ቡችላ ጥርስ ጠይቆ እኛ ዘይት ደርሰናል። ትንሽ ብንቆይ ስለ መሬት ካሳም እንነጋገራለን። እመ ጃኪ እንኳን ተረፈልሽ፣ ግን አንድ ውሻ ቆዳ ሳያኝክ ስለዋጠ የደሴ ሱቅ ሁሉ ይዘጋ?

እመ ጃኪ
የማሽሟጠጥ ጊዜ አለህ። የአንተ ውሻ ቢሆን እንዲህ አትልም ነበር።

የጦሳ ንፋስ
የእኔ ውሻ ፓስታ ነው የሚበላው። ጥያቄ የለውም።

የቦርከና ሰው
ኮምቦልቻ ነኝ፣ ቆዳ ሥራ ላይ ረዥም ጊዜ ቆይቻለሁ። ያ ነጭ ነገር የከብት ቆዳ የውስጠኛው ንብርብር ነው። ፀጉሩን ለማንሳት በኖራና በሰልፋይድ ይነከራል፣ ይታጠባል፣ ብዙ ጊዜ ነጭ እንዲሆን በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይነጣል፣ ከዚያ ተጠቅልሎ ይደርቃል። ደህና አምራች በደንብ ያጥበዋል፣ ሌላው እንዴት እንዳጠበው ከሱቅ መደርደሪያ ላይ ማን ያውቃል? ሆድ ውስጥ ውሃ ሲያገኝ ማበጡ ግን የሁሉም ጠባይ ነው። እግረ መንገዴን፣ አንዳንድ ሰው ከፋብሪካ የወደቀ ቁርጥራጭ ለውሻዬ ስጡኝ እያለ ይመጣል። አይሆንም። ለጫማ የለፋ ቆዳ ክሮም የሚባል ኬሚካል አለው። ለውሻ አይሰጥም፣ በነጻም ቢሆን።

የወልድያ ልጅ ከዲሲ
ሰላም ለሁላችሁ፣ ናፍቃችሁኛል። እኔ እዚህ የምገዛው የእንስሳት የአፍ ጤና ምክር ቤት ማኅተም ያለበትን ብቻ ነው። በእንግሊዝኛ ቪ.ኦ.ኤች.ሲ. የሚል ምልክት ነው፣ ጥርስ ላይ የሚጋገረውን ቆሻሻ መቀነሱ በሙከራ ለታየ ምርት ነው የሚሰጡት። ሌላው ኮንግ የሚባል የጎማ መጫወቻ ነው፣ ውስጡ ምግብ ይጨመርበታል፣ ለቡችላ ለስለስ ያለው አለ። የሱቅ አጥንት ግን ተጠንቀቁ። የተጨሰና የተጠበሰ እየተባለ ታሽጎ የሚሸጠውን የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2017 እ.ኤ.አ. አስጠንቅቆበታል፤ 90 ያህል ውሾች ታመው 15ቱ ሞተዋል የሚል ሪፖርት ደርሶት ነበር።

የሸዋ በሩ
አመሰግናለሁ ወንድሜ። ኮንጉ ደሴ የት ይገኛል?

የወልድያ ልጅ ከዲሲ
አማዞን ላይ ሞልቷል።

የጦሳ ንፋስ
አማዞን የሚቆመው ሰኞ ነው ቅዳሜ?

ሐይቅ ዳር
እኔ በቆሎ ቆረቆንዳ ነው የምሰጠው። እሸት ሲደርስ በየመንገዱ ነው፣ በነጻ። ሲያኝከው ይውላል፣ ጥርሱም ይጠዳል። ሞክረው።

የከብት ሐኪም
ወሎ ዩኒቨርሲቲ እንስሳት ሕክምና የተማርኩ ነኝ፣ ሥራዬ የበለጠው ከብትና በግ ላይ ቢሆንም ውሻም ይመጣልናል። ቆረቆንዳ ተዉ፣ እባካችሁ! አይፈጭም፣ ቁራጩ አንጀት ውስጥ ሄዶ ይወተፋል፣ ራጅ ላይም በደንብ ላይታይ ይችላል። የእመ ጃኪን ታሪክ የሚደግም ነገር ቢኖር እሱ ነው።

የተቀቀለና የተጠበሰ አጥንትም አይሰጥም። እሳት ያየ አጥንት ሲሰበር ይሾላል፣ ጉሮሮም አንጀትም ይበሳል። የዶሮ ወጥ አጥንት ደግሞ የባሰ ነው፣ ቀጭን ከመሆኑ ሌላ ሽንኩርት ጠጥቷል፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ቢበስሉም የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ። ጥሬ አጥንት እንደዚያ አይሰነጠርም፣ ግን ሳልሞኔላ የሚባለውን ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ ይዞ ቤት ሊገባ ይችላል፣ ወፍራሙ ደግሞ ጥርስ ይሰብራል። ቧንቧ ውሃ፣ ያ በመጋዝ የተቆረጠው ቅልጥም እንደ ቀለበት ታችኛው መንጋጋ ላይ ጠልቆ አልወጣም ብሎ በማደንዘዣ የሚወጣበት ጊዜ አለ።

ጥንካሬውን ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። ጥፍራችሁን ጫኑበት። ትንሽ እንኳን ምልክት ካልተወ ለጥርስ ከባድ ነው ማለት ነው። ቀንድና ሸሆና በዚህ ይወድቃሉ። መጠኑ ደግሞ ከአፉ የሚበልጥ ይሁን፣ ተበልቶ ተበልቶ አንድ ጉርሻ ሲያህል ቀሙት። ቀማኝነት አይደለም።

ቧንቧ ውሃ
ዶክተር አከብርዎታለሁ፣ ግን የእኔ ሉካንዳ ቅልጥም እንደዚያ አይደለም። ጥሩ ሥጋ ቤት ነው።

የከብት ሐኪም
ሥጋ ቤቱ ጥሩ መሆኑን አልተጠራጠርኩም። ያወራሁት ስለ አጥንቱ ነው።

ቧንቧ ውሃ
አጥንቱም ከዚያው ነው።

ሆጤ ሰፈር
እና ዶክተር፣ ውሻው ጸሎት ይብላ? ጥሬ አይሆንም፣ ብስል አይሆንም፣ ቆዳ አይሆንም። ሳንባ ልስጠው እንግዲህ፣ እሱን እንኳን ማንም አይቀናበትም።

የከብት ሐኪም
ሳንባ ጥሩ ነው፣ ጥሬውን ግን በፍጹም። እርድ ላይ የቆመ ሰው ያውቀዋል፣ የበግና የከብት ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት ይታያል። እሱ የውሻ ኮሶ ትል ልጅ ነው፣ ኢኪኖኮከስ ይባላል። ውሻ ያንን ጥሬ ሲበላ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ ርዝመቱ ጥቂት ሚሊሜትር ነው፣ ውሻው የታመመ አይመስልም። እንቁላሉ ከሰገራው ጋር ይወጣል። ልጅ ውሻውን ዳብሶ እጁን ሳይታጠብ ሲበላ ወደ ሰው ይገባል፣ ዓመታት ቆይቶ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ያው ውሃ የቋጠረ እብጠት ሆኖ ይገኛል፣ መውጫው ብዙ ጊዜ ኦፕራሲዮን ነው። አረፋ ላይ፣ ፋሲካ ላይ፣ በየጓሮው ሲታረድ ውሻ የሚጣልለትን አስቡት። በትናንሹ ቆራርጣችሁ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀቅሉት። እብጠት ያለበትን ለውሻ አትወርውሩ፣ ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። ፕራዚኳንቴል የሚባለውን የትል መድኃኒትም ሐኪም በሚነግራችሁ ጊዜ ስጡ።

ኡሙ ረያን
ዶክተር አላህ ይስጥዎት። እኛ ቤት ውሻው የግቢ ጠባቂ ነው፣ ከልጆች ጋር አይገናኝም ብለን ስለ ትል አስበን አናውቅም። በዚያው ልጠይቅ፣ የእብድ ውሻ ክትባት በስንት ወሩ ነው?

የከብት ሐኪም
ሦስት ወር ሲሞላው። ከዚያ በዓመቱ ይደገማል፣ ቀጣዩን ካርዱ ላይ ይጻፍልሻል። የሸዋ በሩ፣ አንተም አስከትበሃል?

ሳላይሽ ሳላይሽ
ዶክተር፣ ላሜ መኖ እምቢ ብላለች፣ በውስጥ መስመር ልጻፍልዎት?

የጦሳ ንፋስ
እሺ፣ አሁን ቀልዱን ትቼ ልጠቁም። እኔ ኩሽና ውስጥ ነው የማዘጋጀው፣ ሱቅ አልሄድም። ካሮት ወፈር ያለውን ታጥቦ ሙሉውን ፍሪጅ በረዶ ውስጥ ከትቼ አወጣለሁ። ቡችላ ጥርስ ሲቀይር ድዱ ያሳክከዋል፣ ከአራት እስከ ስድስት ወር ያለው ጊዜ ነው፣ ቅዝቃዜው ያስታግስለታል። ስኳር ድንች በጣት ውፍረት እቆርጥና ምጣድ ላይ በቀስታ አደርቀዋለሁ፣ ውስጡ ላስቲክ እስኪሆን እንጂ እስኪሰባበር አይደለም። ለማስተማሪያ ደግሞ ቀይ ሥጋ ያለ ጨው ያለ በርበሬ ቀቅዬ የጥፍር ያህል እቆራርጣለሁ። ቋንጣ ከተሰቀለበት አንስታችሁ እንዳትሰጡ፣ ጨውና በርበሬው ለእሱ አይሆንም። ከሉካንዳ ደግሞ የበሬ ጉሮሮ ጠይቁ፣ ያንን ቱቦውን፣ ማንም አይፈልገውም። ቀቅዬ አደርቀዋለሁ፣ ልክ እንደሚሸጠው ይሆናል፣ ጥፍርም ይገባዋል።

እመ ጃኪ
ውሻህ ፓስታ ነበር የሚበላው?

የጦሳ ንፋስ
ፓስታው ዋና ምግቡ ነው።

የከብት ሐኪም
የጦሳ ንፋስ ጥሩ ብለሃል። ጉሮሮው ላይ አንድ ልጨምር፣ አጠገቡ የተጣበቀውን የእንቅርት እጢ በቢላ አንሱት፤ አዘውትሮ ከተበላ የውሻውን ሆርሞን ያዛባል። ማባበያ ሁሉ ተደምሮ ከቀን ምግቡ ከመቶ 10 አይበልጥ። ጮማ አታብዙ፣ ቆሽቱን ያሳብጠዋል። ጉበት ትንሽ ትንሽ፣ በየቀኑ አይደለም። ዘቢብና ወይን አይሆንም፣ ኩላሊት ይመታል፣ ለበዓል ዳቦ ላይ ዘቢብ የምታደርጉ ልብ በሉ። ቸኮሌት አይሆንም። የለውዝ ቅቤ ከገዛችሁ ዛይሊቶል የሚል የስኳር ምትክ እንዳይኖርበት ጀርባውን አንብቡ፣ ትንሹም ለውሻ መርዝ ነው፣ ስኳር የለውም ተብሎ በሚሸጥ ማስቲካም ውስጥ አለ። ያ ጽሑፉ የማይነበብ ብስኩት ደግሞ ውስጡ ምን እንዳለና የሚያልፍበት ቀን ካልተነበበ እኔ ለውሻዬ አልሰጥም።

ሆጤ ሰፈር
የአያቴ ውሻ ይህን ሁሉ ሳያውቅ ነው ያረጀው።

ኡሙ ረያን
ያላረጁትን ማን ቆጠራቸው?

ሆጤ ሰፈር
እሺ እሺ።

የሸዋ በሩ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ክትባቱን ገና ነኝ፣ በዚህ ሳምንት እወስደዋለሁ። ስኳር ድንች አሁን የት ይገኛል? ፒያሳ አላየሁም። ጉሮሮውንስ ስጠይቅ ሉካንዳው አይስቅብኝም?

ቧንቧ ውሃ
የእኔ ሉካንዳ አይስቅብህም። እኔ እንደላክኩህ ንገረው። ቅልጥምም ያዝ።

የቦርከና ሰው
ስኳር ድንች ኮምቦልቻ ገበያ አይቻለሁ፣ ብርቱካናማውም ነበር። 25 ኪሎ ሜትር አይርቅም፣ ውረድና ውሰድ።

ወጣት ከአራዳ
ያ ዘይት ዛሬም ጨምሯል።

ቢላል ከገራዶ
ሰላም፣ አሁን ነው ያየሁት፣ ሁሉንም አላነበብኩም። ለድመትስ ይሄ ካሮት ይሆናል? ደግሞ የሸዋ በሩ፣ ያ ቡችላ አባቱ ጀርመን ሼፐርድ ከሆነ ትሸጠዋለህ?