«አንባቢ ፈልጎ ይመጣል» ለሚሉን ኃላፊ

ባለ ካርዱ፦ ሰሞኑን በአንድ ውይይት ላይ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የሆኑ ሰው «ቤተ መጻሕፍት ቲክቶክ ላይ መታየት አያምርበትም፤ አንባቢ ፈልጎ ይመጣል» ሲሉ ሰምቼ እስካሁን አልተዋጠልኝም። እኔ ባለፈው ቅዳሜ ፈልጌ መጥቼ ነበር። ስሙን የማልጠራው፣ ከፒያሳ ብዙም የማይርቅ ቤተ መጻሕፍት «በጥገና ምክንያት ዛሬ አገልግሎት አንሰጥም» የሚል በእስክሪብቶ የተጻፈ ወረቀት በሩ ላይ በፕላስተር ለጥፎ ጠበቀኝ። የዚያኑ ዕለት ጠዋት በፌስቡክ ገጹ የወጣው ግን ሊጎበኙ የመጡ እንግዶች ተደርድረው የተነሡት የፎቶ ክምር ነው። ስለ መዘጋቱ አንድ መስመር አልተጻፈም።

የስድስት ኪሎ ሰው፦ ወንድሜ፣ የእርስዎ ቅሬታ ስለ ጥገና እንጂ ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ አይደለም። ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር በ1936 ዓ.ም. ሲቋቋም ፌስቡክ አልነበረም፤ አንባቢ ግን ነበር። የቤተ መጻሕፍት ሥራው ማሰባሰብ፣ ማደራጀትና ለትውልድ ማቆየት ነው። በሙዚቃ የታጀበ የመደርደሪያ ቪዲዮ አይቶ የሚመጣ ወጣት ፎቶውን ተነሥቶ ይሄዳል።

እናት ነኝ፦ ይሂድ እንጂ፣ ምን ችግር አለው? የእኅቴ ልጅ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በ2014 ዓ.ም. በተከፈተ ሰሞን አራት ኪሎ የወረደው ፎቶ ሊነሣ ነበር። ዛሬ ለፈተና የሚያጠናው እዚያው ነው። በየትኛው በር እንደገባ የሚጠይቀው የለም።

መዝጋቢዋ፦ በሙያው ውስጥ ስላለሁ ዝም ማለት አልቻልኩም። «ፈልጎ ይመጣል» የሚሉት ምኑን ፈልጎ ነው? በአገራችን የሚታተም ጽሑፍ ቅጂው ለብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ገቢ እንዲሆን ሕግ ያስገድዳል፤ ከአንባቢዎች ስንቱ ይህን ያውቃል? ከ1917 ዓ.ም. ጀምሮ ይታተም እንደነበረው እንደ ብርሃንና ሰላም ያለ የቆየ ጋዜጣ አንድ ገጹን አሳይቶ፣ ከሥሩ በየትኛው ክፍልና በምን መለያ ቁጥር እንደሚገኝ መጻፍ ጭፈራ አይደለም፤ የማጣቀሻ ክፍል ሥራ ነው። ሕንዳዊው የሙያው ሊቅ ራንጋናታን እ.ኤ.አ. በ1931 ካስቀመጧቸው አምስት ሕጎች አራተኛው የአንባቢውን ጊዜ መቆጠብ ያዛል። የባለ ካርዱ ቅዳሜ የባከነው ይህ ሕግ ስለተረሳ ነው። በነገራችን ላይ፣ የመዘጋት ማስታወቂያ ፌስቡክ ላይ ብቻ ቢወጣ እንኳ አይበቃም ነበር፤ ፌስቡክ ለተከታዩ ሁሉ አያሳይም፣ አንዳንዱም የሚደርሰው ከቀናት በኋላ ነው። የቴሌግራም ቻናል ግን ለአባላቱ በሙሉ ወዲያው ይደርሳል።

የስድስት ኪሎ ሰው፦ እኅቴ፣ ቴሌግራም ሲሉ ደነገጥኩ። የፒዲኤፍ መሸጫ ጉሊት ውስጥ ነው ቤተ መጻሕፍቱን የሚያስገቡት?

ደራሲ ነኝ፦ በዚህስ ከእርስዎ ጋር ነኝ። የእኔ መጽሐፍ ገና ገበያ ላይ ሳለ ከዳር እስከ ዳር ስካን ተደርጎ በየቻናሉ ሲዞር አይቻለሁ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወረቀት ላይ ቀረ። ነገ ደግሞ ቤተ መጻሕፍቱ ራሱ «ለአንባቢ አገልግሎት» ብሎ ቢለጥፈው ማንን ልክሰስ?

መዝጋቢዋ፦ ጌታዬ፣ ማን ለጠፈብዎ? አዋጁ ለቤተ መጻሕፍት የፈቀደው ለትርፍ ያልሆነና የተወሰነ ቅጂ ነው፤ ለብዙ ሺህ ሰው መበተንን አይደለም። እኔ ያልኩት ሽፋኑንና መለያ ቁጥሩን ነው። እንዲያውም ሽፋኑን ያየ ሰው ገዝቶት ሊሄድ ይችላል።

ደራሲ ነኝ፦ «ሊሄድ ይችላል» በሚል ተስፋ የማተሚያ ቤት ዕዳ አይከፈልም።

ባለ ካርዱ፦ ክርክሩ ወዴት ሄደ? እኔ ፒዲኤፍ አልጠየቅሁም፤ በሩ ክፍት መሆን አለመሆኑን የሚነግረኝ ሰው ነው የጠየቅሁት። ከእንግዶቹ ፎቶ ሥር አንዲት ልጅ «ቅዳሜ ከሰዓት ክፍት ነው?» ብላ ጽፋለች፤ መልስ የሰጣት የለም። ከእርሷ በላይ «እንኳን ደስ አላችሁ» ላሉት ግን በሙሉ የልብ ምልክት ተደርጎላቸዋል። ገጹ የተከፈተው ለበላይ አካል ሪፖርት እንጂ ለአንባቢ አይመስልም።

መዝጋቢዋ፦ ምክንያቱማ ገጹን የያዘው ኮሙኒኬሽን ክፍሉ ነው፤ መጽሐፍ አዋሹ የይለፍ ቃሉ የለውም። ጥያቄውን ሊመልስ የሚችለው ሰው ገጹን አይነካም፣ ገጹን የሚነካው ሰው ደግሞ የንባብ አዳራሹን ሰዓት አያውቅም።

የስድስት ኪሎ ሰው፦ ይኸው፣ ራስዎ መሰከሩልኝ! ሁለት የሥራ ክፍል የሚያጣላ ነገር ለምን ይከፈታል? አንድ ስልክ ቁጥርና በሥነ ሥርዓት የሚያነሣ ሰው ይበቃል። ፈልጎ የሚመጣ አንባቢ ደውሎ ይመጣል።

እናት ነኝ፦ ጋሼ፣ አሁንስ «ደውሎ ይመጣል» ሆነ? ጠዋት «ፈልጎ» ነበር።

ባለ ካርዱ፦ ደውያለሁ። አይነሣም።

የስድስት ኪሎ ሰው፦ የአንድ ቅዳሜ ስልክ ማስረጃ አይሆንም። ለማንኛውም፣ ደራሲው ላነሡት የፒዲኤፍ ጉዳይ እስካሁን በቂ ምላሽ አልተሰጠም፤ ቻናሉን ማን ሊቆጣጠረው ነው?