የተሰረቀ ዳታ ገዝቶ ገዳይ ማጋለጥ ያስኬዳል?

ሰናይት፦ የዛሬው ክርክራችን ይሄ ነው። ሩሲያ ውስጥ «ፕሮቢቭ» የሚባል ገበያ አለ። ደላላው ቴሌግራም ላይ ነው። ስልክ ቁጥር ሰጥተህ ትከፍላለህ፣ የጥሪ ዝርዝር ወይም የበረራ መረጃ ይልክልሃል። መረጃውን የሚያሾልኩት ቴሌኮም፣ ባንክና ፖሊስ ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ቤሊንግካት የተባለው የምርመራ ጋዜጠኞች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2020 የሩሲያውን ተቃዋሚ መሪ ናቫልኒን ሲከታተሉ የነበሩትን የኤፍኤስቢ (የሩሲያ የደህንነት መሥሪያ ቤት) ሰዎች የለየው ከዚህ ገበያ ገዝቶ ነው። ልክ ነው ትላላችሁ?

አቤል፦ ምን ጥያቄ አለው! ሰውዬው ከቶምስክ ወደ ሞስኮ ሲበር ተመርዞ ወደቀ። መንግሥት የወንጀል ምርመራ እንኳ አልከፈተም። ታዲያ ማን ይመርምር? የኤፍኤስቢዎቹ ቁጥር ሲገኝ፣ ከሞት የተረፈው ናቫልኒ ራሱ የያኔው የጸጥታ ምክር ቤት ጸሐፊ የፓትሩሼቭ ረዳት መስሎ ለአንዱ ደወለ። ያኛው 49 ደቂቃ አወራው። መርዙ የነበረበትን የውስጥ ሱሪውን ስፌት እንዴት እንዳጸዱ ሳይቀር ዘረገፈለት። ጉድ እኮ ነው!

ሂሩት፦ ጉድስ ጉድ ነው። ግን ደላላው ደንበኛ አይመርጥም፣ አቤልዬ። ለጋዜጠኛ የሸጠውን ለአጭበርባሪም ይሸጣል። አምልጣው የሄደችውን ሚስቱን ለሚያሳድድ ባልም ይሸጣል።

አቤል፦ የሩሲያው ኩባንያ የያንዴክስ ምግብ ማድረሻ ዳታ በ2022 ሾልኮ ሲወጣስ? አንዱ ወደ ኤፍኤስቢ ግቢ ምግብ አዝዞ፣ «ሦስቱ የመኪና ማገጃዎች ጋ፣ ሰማያዊዋ ዳስ አጠገብ ስትደርስ ደውል» ብሎ ጽፎ ተገኘ። ሰላይም ይርበዋላ!

ሂሩት፦ አንተ ሰላዩን ብቻ ታያለህ። እዚያው ፋይል ውስጥ ራት ያዘዘው ተራ ሰው ሁሉ ከነስልኩ፣ ከነአድራሻው ወጥቷል። ኩባንያው የተቀጣው 60,000 ሩብል ነው። ምን አላት እሷ?

ጋሽ ተሾመ፦ ልጆች፣ ሕጉንም እዩት እንጂ። በ2024 መጨረሻ የወጣው ሕግ በዚህ ንግድ እስከ 10 ዓመት ያሳስራል። ሰላዮቹ ከተጋለጡ በኋላ መምጣቱ ግን አይገርማችሁም? እኔ ለዜጋው ታስቦ ነው ብዬ አላምንም። የሰላዮቹን የበረራ ዝርዝር አወጣህ የተባለው የሩሲያዋ ሳማራ ከተማ ፖሊስ ተከሰሰ። መራዦቹን የጠየቃቸው የለም።

አቤል፦ እግዜር ይስጥልኝ ጋሽዬ! እኔም የምለው ይሄንኑ ነው።

ሂሩት፦ ጋሽ ተሾመ፣ እዚህ ላይ እስማማለሁ። ግን መንግሥቱ ክፉ ስለሆነ ደላላው ደግ አይሆንም።

አቤል፦ እሺ፣ ጋዜጠኛው የገዳዮቹን ብቻ ያውጣ፤ የሌላውን ሰው ቁጥር ይሸፍን።

ሂሩት፦ ይሸፍን። ደላላው ጋ የቀረውንስ ማን ይሸፍነዋል?