«ዉድ ዩ ማይንድ?» ሲሉኝ መልሱ የስ ነው ኖ? ቃሉስ ከየት የመጣ ነው?

የሜሪላንዷ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ እባካችሁ አንድ ነገር አስረዱኝ። እኔ እዚህ አሜሪካ ቤት ለቤት እየሄድኩ አዛውንት ነው የምንከባከበው፣ ከመጣሁ ገና ስምንት ወሬ ነው። ባለፈው ሳምንት የምረዳቸው እናት፣ 80ዎቹ ውስጥ ናቸው፣ ግድግዳው ላይ ያለውን የማሞቂያ ቁልፍ ያዝ አርገው ወደኔ ዞሩና «ዉድ ዩ ማይንድ ኢፍ አይ ተርን ኢት አፕ?» አሉኝ። ሙቀቱን ልጨምረው ወይ ማለታቸው እንደሆነ ገብቶኛል፣ በገዛ ቤታቸው እኔን ማስፈቀዳቸው ራሱ ልቤን ነክቶት ፈገግ ብዬ «የስ የስ» አልኳቸው። እጃቸውን ከቁልፉ ላይ አነሱት። «ኦ፣ ሶሪ፣ ኔቨር ማይንድ» ብለው ሄደው ሶፋው ላይ ብርድ ልብሳቸውን እስከ አንገታቸው ስበው ቁጭ አሉ። እኔ ሐሳባቸውን የቀየሩ መስሎኝ ዝም አልኩ። ማታ ልጃቸው መጥታ ቤቱ ለምን እንዲህ በረደ ስትላቸው እሷ እንዲጨመር አልፈለገችም ሲሉ ሰማሁ፣ ያኔ ነው ክው ያልኩት። ዲክሽነሪ ሳይ ማይንድ ማለት አእምሮ ይላል፣ እሺ አእምሮና ማሞቂያ ምን አገናኛቸው? የስ ነው ወይስ ኖ ነው የሚባለው? «ኔቨር ማይንድ»ስ ምን ማለት ነው?

ባለታክሲው፦
እህቴ አይዞሽ። «ዱ ዩ ማይንድ» ማለት «ቅር ይልሻል?» ማለት ነው፣ በቃ እንደዛ አርገሽ ያዢው። ቅር ይልሻል ብለውሽ አዎ ስትያቸው ቅር ይለኛል አልሻቸው ማለት ነው። ተሳፋሪ መስኮት ልክፈት ሲለኝ እኔ «ኖ፣ ጎ አሄድ» ነው የምለው፣ አይ ቅር አይለኝም፣ ክፈተው እንደማለት። «ኔቨር ማይንድ» ደግሞ «ግድ የለም ተዪው» ነው።

የአዳማ ልጅ፦
እኔ ግን ፈረንጆቹ ራሳቸው «ሹር፣ ጎ አሄድ» ሲሉ ነው የምሰማው፣ ሹር ደግሞ እሺ ማለት ነው፣ ስለዚህ የስ ማለትም ይቻላል መሰለኝ?

ጋሽ መምህር፦
ልጄ የአዳማው፣ የሰማኸው ልክ ነው፣ ግን «ጎ አሄድ» የሚለው ተከትሎ ስለመጣ ነው ነገሩ የተቃናው። ለብቻዋ የወጣች «የስ» ግን ታሳስታለች፣ እህታችንን የጎዳቻትም እሷው ናት። ለጊዜው «ኖት አት ኦል» (በፍጹም ቅር አይለኝም እንደማለት) ወይም «ኖ፣ ጎ አሄድ» ብላ ትልመድ። በእውነት ካልፈለገች ደግሞ «የስ» ብሎ ማፍጠጥ ነውር ይመስላል፣ «አይድ ራዘር ዩ ዲድንት» ይባላል፣ ባያደርጉት ይሻለኛል እንደማለት።

አሁን ወደ ቃሉ ልምጣ፣ ብዙ ዓመት እንግሊዝኛ ሳስተምር ተማሪ ሁሉ የሚሰናከልበት ቃል ይሄ ስለነበር ልቤ ውስጥ አለ። ማይንድ ጥንት ዛሬ አእምሮ የምንለውን አልነበረም በዋናነት የሚያመለክተው፣ ትዝታን ነበር። በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ገሚንድ» ይባል ነበር (ሲነበብ ገ ወደ የ ትሄዳለች)፣ ማስታወስ ማለት ነው። ከላቲኑ «ሜንስ» እና ከጥንታዊው የሕንድ ቋንቋ ከሳንስክሪቱ «ማናስ» ጋር ሥሩ አንድ ነው፣ ሜንታል (የአእምሮ) የሚለውም ከዚያው ከላቲኑ የመጣ ነው። ዛሬም «ሪማይንድ» ሲሉ አስታውስ ነው፣ «ኪፕ ኢን ማይንድ» ሲሉ እንዳትረሳ ነው፣ ስኮትላንድ ብትሄዱማ «ዱ ዩ ማይንድ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው «ታስታውሳለህ?» ማለቱም ሊሆን ይችላል። አያችሁ አካሄዱን፣ የምታስታውሰውን ነገር ልብ ትለዋለህ፣ ልብ ያልከውን ትጠነቀቅለታለህ፣ የምትጠነቀቅለት ነገር ግድ ይሰጥሃል፣ ግድ የሚሰጥህ ነገር ሲነካብህ ደግሞ ቅር ይልሃል። ማሞቂያው ጋ የደረሰው በዚህ መንገድ ነው። ይሄ የመጨረሻው ትርጉም ከ400 ዓመት ገደማ ወዲህ የመጣ ነው።

ዲክሽነሪው አእምሮ ብሎ መተርጎሙ ስህተት አይደለም ግን ግማሹ ብቻ ነው። የኛው አእምሮም ቢሆን እኮ ከግእዙ አእመረ ነው የመጣው፣ አወቀ ማለት ነው፣ ስለዚህ አእምሮ መጀመሪያ ማወቅ ነው፣ ጭንቅላት ውስጥ ያለ ዕቃ አይደለም። እኔ ተማሪዎቼን ማይንድ ሲያጋጥማችሁ መጀመሪያ «ልብ» ብላችሁ ሞክሩት እላቸው ነበር። «ማይንድ ዘ ስቴፕ» ደረጃውን ልብ በል። «አይ አም ኢን ቱ ማይንድስ» ልቤ ለሁለት ተከፈለ። «አብሰንት ማይንድድ» ልቡ እዚህ የለም። «ኢት ስሊፕድ ማይ ማይንድ» ከልቤ ጠፋ። ሁሌ አይሠራም፣ «ሜክ አፕ ዩር ማይንድ» ሲሉህ ቁርጥህን አውጣ ወይም ወስን ነው፣ «ቼንጅድ ማይ ማይንድ» ደግሞ ሐሳቤን ቀየርኩ ነው፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ልብ ከአእምሮ ይቀርበዋል።

የአዳማ ልጅ፦
ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ለንደን ባቡር ጣቢያ ሁሌ የሚጮኸው «ማይንድ ዘ ጋፕ» ለካ ክፍተቱን ልብ በሉ ነው!

ጋሽ መምህር፦
አዎ ልጄ፣ ባቡሩና መቆሚያው መሃል ያለውን ክፍተት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1968 አካባቢ ጀምሮ ነው በምድር ውስጥ ባቡሩ በድምፅ ማሰማት የጀመሩት።

ደብሊን ያለሁ፦
እኔ አየርላንድ ነው ያለሁት፣ እዚህ ደግሞ ቃሉ በየቀኑ ነው የሚመጣብኝ። ልጅ የምትጠብቅ ሴት «ቻይልድ ማይንደር» ትባላለች፣ ጎረቤቴ ስንለያይ «ማይንድ ዩርሰልፍ» ትለኛለች፣ ራስሽን ጠብቂ እንደማለት፣ መጀመሪያ ሰሞን ምን አጥፍቼ ነው ብዬ እጨነቅ ነበር። ግን ጋሼ ትዝታ ነበር ያሉትን ሳነብ አንድ ነገር በራልኝ። ባለፈው ዓመት የሥራ ባልደረባዬ አባቷ ሞቱባትና በወሩ ግድም «መንዝስ ማይንድ» አለብን ነይ አለችኝ፣ የወር አእምሮ ምን ማለት ነው ብዬ ግራ ገብቶኝ ሄድኩ። ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ላይ የአባቷ ስም ተጠራ፣ ከዚያ ቤት ሄደን ሻይና ሳንድዊች በላን፣ ሰው ሁሉ ስለሳቸው ያወራል። ተዝካር ነው እኮ! የኛውም ዘከረ ማለት አስታወሰ አይደል? እነሱ በወሩ እኛ በ40 ቀኑ፣ ስሙ ግን ሁለቱም ጋ ማስታወስ ነው። በዕለቱ ይሄን ባውቅ ኖሮ ጥግ ይዤ ዝም ብዬ አልቀመጥም ነበር፣ ለሷም የምላት አላጣም ነበር።

ጋሽ መምህር፦
ልጄ ተባረኪ፣ ድሮ ክፍል ውስጥ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም ነበር።

ባለታክሲው፦
ለሜሪላንዷ አንድ ልጨምር፣ እኛ የምንሳሳተው በሌላም ምክንያት ነው። በአማርኛ «አልበላሽም?» ሲሉሽ ካልበላሽ «አዎ አልበላሁም» ነው የምትይው፣ በእንግሊዝኛ ግን «ኖ፣ አይ ሃቭንት» ነው። ስለዚህ የስ ወይ ኖ ብለሽ አታቁሚ፣ ዓረፍተ ነገሩን ጨርሺው፣ እንዲህ ፈቃድ ሲጠይቁሽ «ፕሊዝ ጎ አሄድ» ካልሽ ማንም አይሳሳትም።

የሜሪላንዷ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት ስገባ ቁጭ ብዬ ነገርኳቸው፣ «የስ ያልኩት ይቻላል ለማለት ነበር» አልኳቸው። እጄን ይዘው ሳቁ፣ ከዚያ ራሳቸው ተነስተው ቁልፉ ጋ ሄዱና እንደገና ጠየቁኝ፣ «ኖ፣ ኖት አት ኦል፣ ፕሊዝ ጎ አሄድ» አልኩ፣ ማሞቂያው ሲነሳ ድምፁን ስሰማ ዕንባዬ መጣ። አንድ የቀረችኝ ጥያቄ፣ ሱፐርማርኬት ሰልፍ ላይ አንዱ ከፊቱ የገባበትን ሰውዬ «ዱ ዩ ማይንድ!» ብሎ ሲጮህበት ሰማሁ፣ እሱስ ምንድነው?

ጋሽ መምህር፦
እሱ ጥያቄ አይደለም ልጄ፣ «ኧረ ምን ነካህ!» ነው። እንደዛ ሲሉሽ ኖም የስም አትበያቸው፣ «ሶሪ» ብለሽ ዞር በይላቸው።