የመረጋጊያ ጥግ፦ ምን ይግባበት? መጫወቻ እንዳይሆንስ?

የአንደኛ ክፍል መምህርት
ሰላም ለሁላችሁ። ልጆች ሲናደዱ ወይም ሲከፋቸው ገብተው የሚረጋጉበት ጥግ ክፍል ውስጥ ላዘጋጅ ነው። ተማሪዎቹ 38 ናቸው፣ ዕድሜያቸው 6 እና 7። ከኋላ፣ ከመጽሐፍ መደርደሪያው አጠገብ 1.5 ሜትር በ1.5 ሜትር የሚሆን ባዶ ቦታ አለ። ምን ምን ይግባበት? በመጋረጃ ይከለል ወይስ ክፍት ይሁን? ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግማሹ ክፍል «እኔም ተናድጃለሁ» እያለ ትራሱ ላይ ለመጋደም እንዳይሰለፍ ነው። ግሊተር (የሚያብለጨልጭ ደቃቅ ብናኝ) የሚገባበትን፣ ልጁ ነቅንቆ ብናኙ ሲዘቅጥ እያየ የሚረጋጋበትን ጠርሙስ አሠራር የሚያውቅ ካለም ልኬቱን ቢጽፍልኝ።

የልዩ ፍላጎት መምህር
ቦታው ይበቃል እህቴ። አንድ ልጅ እግሩን ዘርግቶ ከተቀመጠበት ሌላው ትርፍ ነው፤ ሲሰፋ ሁለት ሦስት ሆነው ይገቡና ወሬው ይደራል። መጋረጃውን ተይው። ልጁ ከጓደኞቹ ዓይን ዞር ማለት ነው የሚፈልገው፣ ካንቺ ዓይን ግን መሰወር የለበትም። መደርደሪያው ቁመቱ ከ1 ሜትር የማይበልጥ ከሆነ አዙረሽ እንደ አጥር ተጠቀሚበት፤ ልጅ ሲንጠላጠልበት እንዳይገለበጥ ከግድግዳው ጋር በብሎን ይታሰር። በር አጠገብ ከሆነ ግን ወጪ ገቢው ስለሚረብሽ ቦታውን ቀይሪ።

ወለሉ ላይ የሚታጠብ ምንጣፍ፣ ልባሳቸው በዚፕ የሚወልቅ 2 ትራሶች፣ ከዚያ ከ4 የማይበልጡ ዕቃዎች፦ የ3 ደቂቃ የአሸዋ ሰዓት (የፕላስቲኩ)፣ የትንፋሽ ካርድ፣ ጠርሙሱ፣ በእጅ የሚጨመቅ ለስላሳ ኳስ። ግድግዳው ላይ 4 ፊቶች ይለጠፉ፦ የተናደደ፣ ያዘነ፣ የፈራ፣ የተረጋጋ። 20 ፊት ያለበት ፖስተር ያምራል፣ ግን ቱግ ያለ ልጅ ከሃያ ፊት መካከል የራሱን አይፈልግም። መኪና፣ አሻንጉሊት፣ ታብሌት አይግቡ። ጥጉ ከትምህርቱ የበለጠ ካጓጓ ሰልፉን ራስሽ ጠራሽው ማለት ነው።

ሰልፉ መጀመሪያ ላይ አይቀርም፤ ልጆች አዲስ ነገር መሞከር ይፈልጋሉ። ስለዚህ ማንም ሳይናደድ ሁሉንም በተራ አስገቢያቸው። በቀን 5 ልጆች ቢገቡ በ8 ቀን ሁሉም ይዳረሳል። በየቀኑ 5 ደቂቃ መድበሽ አካሄዱን በተግባር አሳያቸው፦ መግባት እንደሚፈልጉ የሚያሳይ ካርድ ማንሳት፣ ዝም ብሎ መሄድ፣ ሰዓቱን መገልበጥ፣ አንድ ዕቃ ብቻ መምረጥ፣ አሸዋው ሲያልቅ ዕቃውን ቦታው መልሶ ወደ መቀመጫ መመለስ። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ ትራሱን ገዝተው ልምምዱን ይዘሉታል። ንዴት ላይ ያለ ልጅ አዲስ ነገር አይማርም፤ የለመደውን ብቻ ነው የሚያደርገው።

አንድ ነገር አደራ፦ «ሂድ እዚያ ጥግ ተቀመጥ!» እንዳይባል፣ በሌላ መምህርም ቢሆን። አንድ ጊዜ ለቅጣት ከዋለ ልጆቹ የቅጣት ቦታ አድርገው ነው የሚያስታውሱት። ጥቆማ ይቻላል፦ «ሰውነትህ የተወጠረ ይመስላል፤ ጥጉ ይሻልሃል ወይስ እዚሁ ትተነፍሳለህ?»

ማን፣ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው ትምህርት እንደገባ በወረቀት ያዢ። አንድ ልጅ ሁልጊዜ ሒሳብ ሲጀመር ከገባ ችግሩ ሒሳቡ ነው። ጥጉን አትከልክይው፤ ሥራው ግን ይጠብቀው። ሲመለስ ከአንድ ጥያቄ ይጀምር።

ኦኩፔሽናል ቴራፒስት (ሰዎች የዕለት ተዕለት ተግባራቸውን ራሳቸው እንዲወጡ የሚረዳ የጤና ባለሙያ)
ስለ ጠርሙሱ። 500 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ ወፈር ያለ፣ ጥርት ያለ የፕላስቲክ ጠርሙስ፤ የመስታወት አይሁን። ለብ ያለ ውሃ እስከ ሁለት ሦስተኛው ሙዪ (የፈላ ከሆነ ፕላስቲኩ ይጣመማል)። 100 ሚሊ ሊትር ያህል ቀለም የሌለው ፈሳሽ ሙጫ ጨምረሽ ሙጫው እስኪሟሟ በጥብጪ። ነጩ ሙጫ ውሃውን ወተት ያስመስለዋልና አይሆንም። ከዚያ 1 የሾርባ ማንኪያ ደቃቅ ግሊተር እና 2 ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና። ሳሙናው የሚገባው ግሊተሩ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ እንዳይቀር ነው። ከላይ 2 ሴንቲ ሜትር ክፍት ተይለት፤ ጢም ብሎ ከሞላ ሲነቀነቅ አይደባለቅም።

ክዳኑን ከማጣበቅሽ በፊት ሰዓት ይዘሽ ሞክሪው። ግሊተሩ ለመዝቀጥ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ቢፈጅ ልክ ነው። በሰከንዶች ከወረደ ሙጫ አንሶታል፣ 20 ሚሊ ሊትር እየጨመርሽ ሞክሪ። ተጓጉሎ መሀል ላይ ከቆመ ሙጫ በዝቷል፣ ጥቂት ቀንሰሽ ለብ ያለ ውሃ ተኪበት። ሲስተካከል የክዳኑን ጥርስ በደንብ አድርቀሽ በሱፐር ግሉ አጣብቂና አሳድሪው። እርጥብ ጥርስ ላይ የተደረገ ሙጫ በኋላ ያፈሳል።

ለትንፋሽ ካርዱ የእጅ መዳፍ ሳይበት። ልጁ በአንድ እጁ አመልካች ጣት የሌላውን እጅ ጣቶች ዙሪያ እየተከተለ፣ ሽቅብ ሲወጣ አየር ያስገባል፣ ቁልቁል ሲወርድ ያስወጣል። ማስገባት እስከ 4 ተቆጥሮ፣ ማስወጣት እስከ 6። የልብ ምት የሚቀዘቅዘው አየር ስናስወጣ ስለሆነ ማስወጣቱ ይርዘም።

የማይገቡ፦ ዱቄት የተሞላ ፊኛ (ይፈነዳል፣ ላቴክስ የሚባለው የፊኛ ጎማ የማይስማማቸው ልጆችም አሉ)፣ ሽቶና ጭስ ያለው ነገር (አስም ይቀሰቅሳል)፣ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት። ክብደት ያለው ብርድ ልብስ ደግሞ ያለ ባለሙያ ምክር አይሞከር።

የቤት ጥያቄ ያላት እናት
ለቤትስ ያው ነው? ልጄ 4 ዓመቷ ነው፣ የተለየ ክፍል የለንም።

የልዩ ፍላጎት መምህር
ክፍል አያስፈልግም። አንድ ቅርጫት፣ ትራስና 3 ዕቃ በቂ ነው፤ ስትፈልጊ ታወጪዋለሽ። አልጋዋ ላይ ባይሆን ይመረጣል፣ እንቅልፍና ንዴት አይገናኙ። በ4 ዓመት ግን «ሂጂና ተረጋግተሽ ነይ» አይሠራም፤ አብረሻት ተቀመጪ። «አጠገብሽ ነኝ» ብለሽ ዝም በይ። እያለቀሰች ሳለ ምክር ማብዛት እሳት ላይ ቤንዚን ነው፤ ወሬው ውሃ ከጠጣች በኋላ ይደርሳል።

የአንደኛ ክፍል መምህርት
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሸዋው አልቆ ልጁ አሁንም ቢያለቅስስ? ዕቃ የሚወረውርስ?

ኦኩፔሽናል ቴራፒስት
ለቅሶው ካልቆመ ሰዓቱን ራሱ አንዴ ይገልብጥ። ሁለተኛውም ካለቀ አንቺ ሂጂ፣ በርከክ ብለሽ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ ሁለት ምርጫ ስጪው፦ «ውሃ ወይስ ትንሽ መቆየት?»

የሚወረውረውን በግድ እየጎተትሽ አታስገቢው፤ ሌሎቹን ልጆች ከአጠገቡ አርቂ። ለእንዲህ ያለው ልጅ ሰዓቱና ጠርሙሱ ቀድመው ይነሱ፣ ትራስና ለስላሳ ኳስ ብቻ ይቅር። የሞላ የ500 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ግማሽ ኪሎ ይመዝናል፣ ጭንቅላት ላይ ካረፈ ቀላል አይደለም። 250 ሚሊ ሊትር በሚይዝ መሥራት ትችያለሽ፤ ውሃውንም ሙጫውንም በግማሽ ቀንሺ፣ ሳሙናው 1 ጠብታ ይበቃል።