ጃርዲያና አሜባ የአንጀትን ሕዋስ የሚይዙት በምንድን ነው?

ጥያቄ፦
በሰገራ ምርመራ ውጤት ላይ «ጃርዲያ» እና «አሜባ» የሚሉትን ስሞች አዘውትረን እናያለን፤ የሚታዘዘውም መድኃኒት ብዙውን ጊዜ ያው ሜትሮኒዳዞል ነው። ሆኖም ጃርዲያ የያዘው ሰው ሆዱ ይነፋል፣ ያገሳዋል፣ ሰገራውም ቅባት የበዛበትና ሽታው የከፋ ይሆናል እንጂ ደም አይታይበትም፤ አሜባ ግን ሲበረታ ደምና ንፍጥ የቀላቀለ ተቅማጥ ያመጣል። ልዩነቱ የመጣው የአንጀትን ሕዋስ ከሚይዙበት መንገድ ይሆን? በጉዳዩ ላይ ዕውቀት ያላችሁ ብታብራሩልኝ አመሰግናለሁ።

መልስ 1፦
በአመዛኙ አዎ። ከ12 እስከ 15 ማይክሮሜትር የሚረዝመው ጃርዲያ በሆዱ በኩል ክብ የመያዣ ሳህን አለው፤ ይህም ማይክሮቲዩቡል በተባሉ ደቃቅ የፕሮቲን ቱቦዎች ጥምዝ ሆኖ የተዋቀረ ነው። በዚህ ሳህን በትንሹ አንጀት የላይኛው ክፍል ሕዋሳት ገጽ ላይ ይለጠፋል፤ በመምጠጥ ኃይል ነው ወይስ በሌላ የሚለው ክርክር ግን ገና አልተቋጨም። ሲነሣ የሳህኑ ክብ ምልክት በማይክሮቪላይ (በሕዋሱ ገጽ ላይ ባሉ ደቃቅ ጣት መሰል ዘርፎች) ላይ ታትሞ ይቀራል። ዋናው ነጥብ ወደ ሕዋሱ ውስጥ አለመዝለቁ ነው። ስለዚህ ደም አይፈስም፤ የሚጎዳው ምግብ የሚመጥጠው ገጽ ነው፤ ቅባቱ ሳይመጠጥ ያልፋል፣ አንዳንዱም ሕመምተኛ ከዳነ በኋላ እንኳ ለተወሰነ ጊዜ ወተት አይስማማውም።

መልስ 2፦
በአሜባ በኩል ነገሩ ኬሚካላዊ ነው። በሽታ የሚያመጣው አሜባ፣ ኤንታሜባ ሂስቶሊቲካ፣ በላዩ ላይ ሌክቲን የተባለ ፕሮቲን አለው፤ ይህ ፕሮቲን ጋላክቶስ የተባለውን ስኳርና ዘመዱን እየለየ ይይዛል። በቤተ ሙከራ ጋላክቶስ ሲጨመር አሜባው ሕዋስን የመያዝ ችሎታው ይቀንሳል። የሚገርመው፣ የትልቁ አንጀት ንፍጥ ራሱ እነዚህን ስኳሮች የተሸከመ በመሆኑ አሜባውን አስሮ ሕዋሳቱን ይከላከላል፤ ብዙ ሰው አሜባ ተሸክሞ ሳይታመም የሚኖርበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። አሜባው ንፍጡን በኢንዛይም አሟሙቶ ሕዋሱን ሲነካ ግን ይገድለዋል። በ2014 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በሕይወት ያለውን ሕዋስ በጥቂት በጥቂቱ እየገመጠ ይበላዋል። ቁስሉ አፉ ጠባብ፣ ውስጡ ሰፊ ነው፤ ከዚያም በደም ሥር ወደ ጉበት ሊሻገር ይችላል።

መልስ 3፦
በላብራቶሪ ለምንሠራ ሰዎች ይህ ትልቅ ትርጉም አለው። ኤንታሜባ ዲስፓር የተባለው ጉዳት የማያደርስ ዝርያ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ከአደገኛው አይለይም፤ ስለዚህ ሲስት (በሽፋን የተከለለውን የማይንቀሳቀስ ቅርጹን) ብቻ አይቶ «አሜባ አለበት» ማለት ያሳስታል። ቀይ የደም ሕዋስ የዋጠ ተንቀሳቃሽ አሜባ ከተገኘ ግን ጥርጣሬው ይጠነክራል፤ ለዚህም ሰገራው ሳይቀዘቅዝ፣ እንደወጣ ወዲያው መታየት አለበት። ጃርዲያው በስላይዱ ላይ እንደሚረግፍ ቅጠል እየተገለባበጠ ስለሚሄድ መለየቱ ይቀላል።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ወስፋትና ኮሶስ እንዴት ይይዛሉ?

መልስ 1፦
ወስፋት ጭራሽ አይጣበቅም፤ በጡንቻው እየተወጣጠረ የአንጀቱን ግፊት ይቋቋማል እንጂ። ከበሬ ጥሬ ሥጋ የሚመጣው ኮሶ ግን ጭንቅላቱ ላይ ባሉት አራት መምጠጫዎች የትንሹን አንጀት ግድግዳ ይይዛል፤ መንጠቆ የለውም። አዲሱ አካል የሚበቅለው ከጭንቅላቱ ቀጥሎ ካለው አንገት ስለሆነ፣ መድኃኒት ተወስዶ ረጅሙ ክፍል ቢወጣም ጭንቅላቱ ከቀረ በጥቂት ወራት ውስጥ ቁርጥራጮቹ እንደገና በሰገራ መታየት ይጀምራሉ።