ማክሮው የመጀመሪያውን ፋይል ከፍቶ፣ ምንም ስህተት ሳያሳይ ይቆማል

ጠያቂ (የሒሳብ ክፍል)፦ ሰላም ለሁላችሁም። የሰኔ 30 መዝጊያ ደርሶብኝ ነው። ከየቅርንጫፉ የሚላኩልኝ የሽያጭ ፋይሎች አንድ ፎልደር ውስጥ አሉ። እነሱን በተራ እየከፈተ መረጃውን ወደ ማጠቃለያው ሺት የሚገለብጥ የኤክሴል ማክሮ (ሥራውን በራሱ የሚሠራ አጭር ኮድ) ጽፌያለሁ። ሳስነሳው የመጀመሪያውን ፋይል ይከፍታል፣ ከዚያ ዝም ይላል። የስህተት መልእክት የለም፣ ኮዱ የቆመበትን የሚያሳይ ቢጫ መስመር የለም፣ ኤክሴሉም ስታክ አላደረገም። አንዳንዴ ደግሞ ሁሉንም ጨርሶ ይወጣል። መቼ እንደሚሠራና መቼ እንደማይሠራ ሊገባኝ አልቻለም።

ድሬ፦ ኮድሽ ውስጥ «ኦን ኤረር ሪዙም ኔክስት» የሚል መስመር ካለ መጀመሪያ እሱን አጥፊው። ስህተት ቢፈጠርም እየዋጠ ያልፋል። ረድፍ የምትቆጥሪበትም የቁጥር ዓይነት ኢንቲጀር ከሆነ ከ32,767 በላይ አይዝም፣ ትልቅ ቁጥር ወደሚይዘው ወደ ሎንግ ቀይሪው።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ ወንድሜ። መስመሩ ኮዴ ውስጥ የለም፣ ቆጣሪውም ሎንግ ነው።

የድሮ ኦዲተር፦ ልጄ፣ ከመገመት በፊት የት ላይ እንደሚቆም እንወቅ። ፋይል ከሚከፍተው መስመር፣ ማለትም ከ«ወርክቡክስ ዶት ኦፕን»፣ በላይና በታች አንዳንድ «ዲበግ ዶት ፕሪንት» ጨምሪ። የላይኛው «ልከፍት ነው»፣ የታችኛው «ከፈትኩ» ብሎ ይጻፍ። ቪቢኤው (የማክሮው ኮድ የሚጻፍበት መስኮት) ውስጥ ኮንትሮል ጂ ስትጫኚ ከታች በሚመጣው መስኮት ታነቢዋለሽ። ቀጥለሽ በኤፍ 8 መስመር በመስመር አስኪጂው። ደግሞስ ማክሮውን የምታስነሺው በምንድን ነው? በበተን ነው ወይስ በኪቦርድ?

ጠያቂ፦ እሺ ጋሼ፣ እንዳሉኝ አደረግሁ። «ልከፍት ነው» ተጽፏል፣ «ከፈትኩ» ግን የለም። በኤፍ 8 ሳስኬደው ደግሞ ሁሉንም ፋይል ጨረሰ! የማስነሳው በኮንትሮል ሺፍት ኤም ነው።

የድሮ ኦዲተር፦ በይ ተገኘ። ኮድሽ ደህና ነው፤ የሚያስቆመው ሺፍት ነው። ኤክሴል ውስጥ ሺፍት ተይዞ ፋይል ሲከፈት «የዚህ ፋይል ማክሮ እንዳይነሳ» ማለት ነው። በእጅሽ ስትከፍቺ ይህ ጠቃሚ ነገር ነው። ማክሮ ፋይል ሲከፍት ሺፍት ከተያዘ ግን የሚቆመው ራሱ ከፋቹ ማክሮ ነው። ኤክሴል ይህን እንደ ስህተት ስለማይቆጥረው ኤረር ሀንድለር (ስህተት ሲፈጠር የሚይዝ ኮድ) ብትጨምሪም አይይዘውም። ጣትሽን ከሺፍት ላይ ቶሎ ያነሳሽ ዕለት ይሠራልሻል፣ ትንሽ ያቆየሽ ዕለት ይቆማል። በኤፍ 8 ስትሄጂ ሺፍት ስለማትነኪ ችግሩ አይታይም፤ ብዙ ሰው ጤነኛ ኮድ ሲያገላብጥ የሚውለው በዚህ ምክንያት ነው።

አልት ኤፍ 8 ተጫኚ፣ ማክሮውን ምረጪ፣ «ኦፕሽንስ» ውስጥ ግቢ። እዚያ ትልቁን ኤም ስለጻፍሽ ነው ሺፍት የተጨመረው። በትንሹ ፊደል ተኪው። እንደ ሲ እና ኤስ ያሉትን ግን አትንኪ፣ ፋይሉ ክፍት እስካለ ድረስ ኮፒና ሴቭ ማድረጊያሽን ይወስዱብሻል። እኔን ከጠየቅሽኝ ሺቱ ላይ በተን ማስቀመጥ ይሻላል። ነገ ሌላ ሰው ቢጠቀምበትም አይሳሳትም።

ኮደር ከመቀሌ፦ ጋሼ ያሉት ትክክል ነው። የግድ ሺፍት ያለበት አቋራጭ የሚፈልግ ሰው «ጌት ኤሲንክ ኪ ስቴት» በሚባለው የዊንዶውስ ፈንክሽን፣ ሺፍት እስኪለቀቅ የሚጠብቅ አጭር ሉፕ ከመክፈቻው መስመር በፊት ማስገባት ይችላል። ኦፊሱ 64 ቢት ከሆነ ፈንክሽኑን በሚያስተዋውቀው «ዲክሌር» በሚለው መስመር ላይ «ፒቲአር ሴፍ» መጨመር አለበት። ለዚህ ሥራ ግን በተኑ ይበቃል።

ጠያቂ፦ በበተን አደረግሁት፣ ሁሉንም ቅርንጫፍ ሳይቆም ጨረሰ! እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ቅድም ማክሮው ቆሞብኝ ሳለ ጎን ለጎን በከፈትኩት የደመወዝ ፋይል ላይ አንድ ቁጥር ቀይሬ ነበር፣ ድምሩ ግን አልተቀየረም። ይገናኛል?

ድሬ፦ ማክሮሽ ሲጀምር ካልኩሌሽኑን ማንዋል ያደርገዋል? ማለትም ኤክሴል ድምሮችን በራሱ እንዳያድስ ያደርጋል?

ጠያቂ፦ አዎ፣ እንዲፈጥን ብዬ። መጨረሻው መስመር ላይ ወደ አውቶማቲክ ይመልሰዋል።

ድሬ፦ በቆመ ቁጥር እዚያ መስመር ላይ አልደረሰማ። ስክሪን አፕዴቲንግ (የስክሪኑ መታደስ) ማክሮው ሲቆም በራሱ ይመለሳል፣ ካልኩሌሽንና ኢነብል ኢቨንትስ (ፋይል ሲከፈት ወይም ሴል ሲቀየር ኮድ በራሱ እንዲነሳ የሚፈቅደው) ግን እንደተዋቸው ይቀራሉ። ማንዋሉ ደግሞ የተከፈተውን ፋይል ሁሉ ይነካል። «ፎርሙላስ» ውስጥ ገብተሽ «ካልኩሌሽን ኦፕሽንስ»ን አውቶማቲክ አድርጊው። ኢቨንትም አጥፍተሽ ከነበረ ኤክሴልን ሙሉ በሙሉ ዘግተሽ ክፈቺው።

የድሮ ኦዲተር፦ ልጄ፣ ማንዋልነቱ ከፋይሉ ጋር አብሮ ሴቭ ይደረጋል። ኤክሴል ሲነሳ መጀመሪያ የተከፈተው ፋይል ማንዋል ከሆነ ቀጥለው የሚከፈቱትም እሱን ይከተላሉ። በዚያ መሀል ሴቭ ያደረግሻቸውን አንድ በአንድ ክፈቺና አውቶማቲክ አድርገሽ መልሰሽ ሴቭ አድርጊ። የደመወዙን ፋይል ድምሩ መታደሱን ሳታዪ እንዳትልኪው።